ከቤተ መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አመራር፣ ሕንፃዎችና የግቢ ሕይወት

በስድስት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ውስጥ በየጊዜው የተሠሩ ብዙ ሕንፃዎች አሉ። የመማሪያ ክፍሎችንና መኝታ ቤቶችን የያዙት ለዚሁ አገልግሎት ታቅደው የታነጹ ናቸው። በግቢው ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ትልቁ ሕንፃ ግን አስቀድሞ የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ፣ ቀጥሎ የጠላት እንደራሴ መቀመጫ፣ ከዚያም እንደ ገና ቤተ መንግሥት ሆኖ ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ለትምህርት የተሰጠ ነው። የዩኒቨርሲቲው አመራር ከመንግሥት ጋር የነበረው ዝምድናም ሆነ የተማሪው ኑሮ ከዚህ አመጣጥ ጋር እየተያያዘ መጥቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚታየውም ይኸው ዝምድና ነው።

የአራት ኪሎው ኮሌጅ

ከጠላት ወረራ በፊት በኢትዮጵያ በዘመናዊ ሥርዓት የተደራጀ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም አልነበረም። የቅኔ፣ የዜማና የመጻሕፍት ጉባኤ ቤቶች ለብዙ ምዕት ዓመታት ሊቃውንትን ሲያፈሩ የኖሩ ቢሆኑም፣ መንግሥት ለአስተዳደር፣ ለሕክምናና ለምሕንድስና የሚያስፈልገውን የተማረ ሰው ያገኝ የነበረው ወጣቶችን ወደ ውጭ አገር በመላክ ወይም ባዕዳንን በመቅጠር ነበር። ከነፃነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤት በኮተቤ፣ በ1938 ዓ.ም. ደግሞ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈቱ። ሁለተኛ ደረጃን የሚጨርሱ ወጣቶች ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ፣ ሁሉንም ባሕር ማዶ ልኮ ማስተማር እንደማይቻል ግልጽ ሆነ።

ስለዚህም በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ይሠሩ የነበሩት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ኮሌጅ እንዲያቋቁሙ በንጉሠ ነገሥቱ ተጠየቁ። ኮሌጁም በታኅሣሥ ወር 1943 ዓ.ም. 33 ተማሪዎችን ይዞ በአራት ኪሎ ሥራውን ጀመረ፤ የካቲት 20 ቀን በዚያው ዓመት በይፋ ተመረቀ። መተዳደሪያ ቻርተሩን ያገኘው ሐምሌ 21 ቀን 1946 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ምሩቃን ያወጣውም በዚሁ ዓመት ነው። ዶክተር ማትና ባልደረቦቻቸው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባሎች ነበሩ፤ ይሁን እንጂ በሥራቸው ላይ የካህን ልብስ እንዳይለብሱና ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ በመንግሥት በኩል የተደረገውን ስምምነት አክብረው ኖረዋል። ኦርቶዶክሳዊ በሆነ መንግሥት ሥር የካቶሊክ ማኅበር አባሎች የአገሪቱን የመጀመሪያ ኮሌጅ መምራታቸው የሚያስገርም ቢመስልም፣ ከቅኝ ገዥዎቹ ኃያላን ወገን ያልሆነች አገር ሰዎች መሆናቸው ለመመረጣቸው እንደ ረዳ መገመት ይቻላል።

ኮሌጁ በሥርዓቱ የአዳሪ ትምህርት ቤት መልክ ነበረው። ተማሪው መኝታውን፣ ምግቡን፣ መጽሐፉንና ልብሱን ከመንግሥት ያገኝ ነበር፤ በምላሹም የመነሣቱ፣ የጥናቱና የመተኛቱ ሰዓት በደወል ይወሰን ነበር። ቁጥሩ አነስተኛ ስለ ነበረ መምህርና ተማሪ በስም ይተዋወቁ ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ስለ ነበረ ግን፣ በአማርኛና በግእዝ የተከማቸው የአገሪቱ ዕውቀት ለብዙ ጊዜ ከበር ውጭ ቆይቷል። ጥቂት መንገድ ርቀው በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ቅኔ የሚያስነግዱ የኔታዎች ሲያስተምሩ፣ ኮሌጁ ከእነሱ ጋር አንድም የተግባር ግንኙነት ሳይመሠርት መጀመሩ ኋላ በቀላሉ ሊታረም ያልቻለ ጉድለት ነው።

ከዚያ ዘመን ሥራዎች መካከል ሊነሣ የሚገባው የምድር መግነጢስና የመሬት መንቀጥቀጥ መመልከቻ ጣቢያው ነው። ካናዳዊው ፒየር ጉዋን በ1950 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በአራት ኪሎ ያቋቋሙት ይህ ጣቢያ፣ አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የሚሰበስበው መረጃ ለመላው ዓለም ሳይንስ የሚጠቅም ሆነ። በኢትዮጵያ የደረሱትን የመሬት መንቀጥቀጦች ታሪክ መዝግበው በመጽሐፍ ያወጡትም እኚሁ ሰው ናቸው። አንድ አነስተኛ ኮሌጅ ለራሱ አገር አቀማመጥ ልዩ የሆነውን ነገር ይዞ ለዓለም ዕውቀት እንዴት ሊያበረክት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በዚሁ አሥር ዓመት ውስጥ ሌሎች ኮሌጆችም በየቦታው ተከፈቱ። የምሕንድስና ኮሌጅ በአዲስ አበባ፣ ከስዊድን መንግሥት ጋር በመተባበር የሕንፃ ኮሌጅ በልደታ፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር ተቋቋሙ። የእርሻ ኮሌጁ በኦክላሆማ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ረዳትነት በጅማ ትምህርት ከጀመረ በኋላ ወደ ዓለማያ ተዛወረ። እነዚህ ተቋሞች በተለያዩ መሥሪያ ቤቶችና በተለያዩ ለጋሽ አገሮች ጥላ ሥር ያደጉ ስለ ነበሩ፣ የትምህርት ደረጃቸውም ሆነ የመምህራኑ አቀጣጠር አንድ ወጥ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. አካባቢ በሃሮልድ ቤንትሊ መሪነት ከዩታ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የአጥኚዎች ቡድን ሁሉንም በአንድ አስተዳደር ሥር ማዋሐድ እንደሚገባ ሐሳብ አቀረበ። የአንድነቱ ሐሳብ ተቀባይነት ቢያገኝም፣ ዩኒቨርሲቲው የት እንደሚቀመጥ የወሰነው ግን ከጥናቱ ውጭ የሆነ ድንገተኛ ነገር ነበር።

የገነተ ልዑል ታሪክ

የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1920ዎቹ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ የተሠራ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን የእንደራሴው መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በዚሁ ግቢ ለድሆች ምጽዋት በሚያድልበት ሰዓት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት፤ በዚያ ዕለትና በተከታዮቹ ቀኖች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የተፈጸመው እልቂት እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይታሰባል። ከግቢው በር ፊት ለፊት በስድስት ኪሎ አደባባይ የቆመው ሐውልትም የዚሁ መታሰቢያ ነው። በግቢው ውስጥ ደግሞ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ኢጣሊያኖች ለሙሶሊኒ የሥልጣን ዓመታት አንድ አንድ እርከን እያደረጉ የሠሩት ሲሆን፣ ከነፃነት በኋላ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀምጦበታል። ደረጃውን ማፍረስ ሲቻል ማስቀረትና አንበሳ ማስቀመጥ የተመረጠበት ምክንያት ለተመልካቹ ሳይነገር የሚገባ ነው።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ብርጋዲየር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ያስነሡት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ በዚሁ ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች በጥይት ተደበደቡ። ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች ደግሞ በእነዚያው ቀኖች ሙከራውን ደግፈው ወደ አደባባይ ወጥተው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ደም የፈሰሰበትን ቤት ለመኖሪያነት ትተው ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ስጦታው ቸርነት ነበረ፤ የሚያሳዝን ትዝታ ያለበትን ቤት መገላገያም ነበረ። ቤቱን የተቀበለው ተማሪ ቤቱን ባዶ ያደረገውን ሙከራ ደግፎ የተሰለፈው ተማሪ መሆኑን ግን በዚያ ጊዜ በይፋ ያነሣ አልነበረም።

ቻርተሩ በየካቲት 1953 ዓ.ም. የተሰጠው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ተመረቀ። የቤተ መንግሥቱ ሕንፃ ለአስተዳደርና ለምርምር ዋለ። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዚሁ ሕንፃ ሲቀመጥ፣ ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ደግሞ የመጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ሆኑ። ብራናዎች፣ ሥዕሎች፣ መስቀሎችና የየብሔረሰቡ የእጅ ሥራዎች እየተገዙና በስጦታ እየተገኙ ተከማቹ፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልም የሙዚየሙ አካል ሆነ። ኮሌጁ ሲመሠረት ከበር ውጭ የቀረው የአገር ዕውቀት በዚህ መንገድ ዘግይቶም ቢሆን ወደ ግቢው ገባ። በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ የተሠራውና በፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ስም የተጠራው ቤተ መጻሕፍት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ለአገልግሎት ከበቃ ወዲህ፣ «ኬኔዲ» የሚለው ስም በተማሪው አፍ የአንድ መሪ መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ የጥናት ቦታ ስም ሆኗል።

መሪዎቹና አገልግሎቱ

በቻርተሩ መሠረት የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። ፕሬዚዳንቱም የሚሾመው ከበላይ ስለ ነበረ፣ በአንድ በኩል ለመምህራኑና ለተማሪዎቹ፣ በሌላ በኩል ለዙፋኑ መልስ መስጠት ነበረበት። በመጀመሪያው ዓመት ሃሮልድ ቤንትሊ በተጠባባቂነት ከሠሩ በኋላ ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ሆነው ሰባት ዓመት ያህል መሩ። ልጅ ካሣ በአሜሪካ የተማሩ፣ በጋብቻም ከንጉሣዊው ቤተ ሰብ ጋር የተሳሰሩ ነበሩ። ሁለቱን ዓለም ማወቃቸው ለሥራቸው ጠቅሟል፤ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. በጄምስ ፖል ዲንነት የተከፈተው፣ የሕክምና ፋኩልቲም የተቋቋመው በእሳቸው ዘመን ነው። በኋላ በሌላ የመንግሥት ኃላፊነት ላይ ከሠሩ በኋላ በአብዮቱ ዘመን ታስረው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ።

በልጅ ካሣ ጊዜ ከተጀመሩት ሥራዎች ሁሉ በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ በይበልጥ ሊጠና የሚገባው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ማንኛውም ተማሪ ዲግሪውን ከማግኘቱ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ግዴታ ሆነ። ከፍተኛው ቁጥር የተሰማራው በየአውራጃው ትምህርት ቤቶች በአስተማሪነት ነበር፤ በዚህም የትምህርት ሚኒስቴር በውጭ አገር ሰዎች ይሸፍነው የነበረውን የመምህራን ጉድለት በከፊል ለማቃለል ቻለ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ በውሳኔው ማጉረምረማቸው አልቀረም፤ ዲግሪያቸው በአንድ ዓመት ስለሚዘገይና ሳይመከርበት ስለ ተወሰነ ነው። ሲመለሱ ግን ሌላ ሰው ሆነው ተመለሱ። በአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ስለ ጭሰኛ ኑሮ ሲከራከር የነበረው ወጣት፣ በአገልግሎቱ ዓመት የተማሪዎቹን ወላጆች እርሻ አይቶ፣ ለባለ ርስቱ የሚሰፈረውን እህል ተመልክቶ ተመለሰ። መንግሥት ተማሪውን ከአገሩ ጋር እንዲተዋወቅ ብሎ የላከው ሲሆን፣ የትውውቁን ውጤት ግን አስቀድሞ ያሰላው አይመስልም።

ከልጅ ካሣ ቀጥሎ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ የትምህርት ፋኩልቲ ዲን የነበሩ፣ የትምህርትን ጉዳይ በሙያቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ዘመናቸው ግን ከግቢው ሕይወት ጋር አብሮ ካልታየ በስተቀር ሊገለጽ አይችልም።

የግቢ ሕይወት

በአራት ኪሎው ዘመን ከዓመቱ በዓሎች ሁሉ የሚናፈቀው የኮሌጅ ቀን ነበር። ስፖርት፣ ትርኢትና የአማርኛ ግጥም ውድድር ይቀርብ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱና ሹማምንቱም ይገኙ ነበር። ግጥም በአገሩ ባህል ለንጉሥ በቅኔ መልክ ምስጋናም ወቀሳም የሚቀርብበት መንገድ በመሆኑ፣ ተማሪው ይህን ልማድ ይዞ ወደ አዲሱ መድረክ መውጣቱ አያስደንቅም። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥሙን ሲያነብ ግን ወቀሳው ወርቁን ከሰም መለየት የማያስፈልገው ግልጽ ወቀሳ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት የተነበቡት ይበልጥ ስለ ጠነከሩ ከትምህርት የታገዱ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያም በ1950ዎቹ አጋማሽ የአዳሪነቱ ሥርዓት እንዲቀር ተወሰነ። ለውሳኔው የተሰጠው ምክንያት የገንዘብና የቦታ እጥረት ሲሆን፣ ተማሪዎቹ ግን እንድንበታተን የተደረገ ነው ብለው ተረጎሙት። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ወጣት በከተማው ውስጥ ክፍል ተከራይቶ፣ ከሻይ ቤት እየበላ መማር ጀመረ፤ ከከተማውም ኑሮ ጋር የተዋወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው የግቢውን መንፈስ የለወጠው የአፍሪካውያን ተማሪዎች መምጣት ነው። ከ1951 ዓ.ም. ወዲህ ከኬንያ፣ ከዩጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች በነፃ የትምህርት ዕድል የመጡ ወጣቶች በየመኝታ ቤቱ ከኢትዮጵያውያኑ ጋር ኖሩ። እነሱ የመጡት ማኅበር ማቋቋም፣ በጋዜጣ መከራከርና መሪን በስም መተቸት ከተለመደበት የነፃነት ትግል ነው። ነፃነቱን በደም ጠብቆ በኖረ አገር ውስጥ የመናገር ነፃነት ከቅኝ ግዛት ያነሰ ሆኖ ባገኙት ጊዜ መገረማቸውን አልሸሸጉም፤ ኢትዮጵያዊው ጓደኛቸውም ይህን መገረም ሰምቶ ዝም ማለት አልቻለም።

የካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» የሚል መፈክር ይዘው ወደ ፓርላማ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ያለ ሰልፍ ያለፈ ዓመት የለም ማለት ይቻላል። ትምህርት እየተቋረጠ፣ ተማሪ እየታገደ፣ እንደ ገና በይቅርታ እየተመለሰ ቀጠለ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ። ተማሪዎች አስከሬኑን ወደ ስድስት ኪሎ ግቢ አመጡ፤ በማግስቱ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ግቢውን ጥሰው ገቡ፤ በተኩሱም ሕይወታቸው የጠፋ ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ ዶክተር አክሊሉ የቆሙበትን ስፍራ አስቸጋሪነት ለመረዳት ከዚህ ቀን የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ወታደሩን የላከው የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር መንግሥት ነው፤ በግቢው ውስጥ የወደቁት ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ናቸው።

ከአብዮቱ ወዲህ

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የዩኒቨርሲቲው ስም ተለወጠ፤ ትምህርቱም ተቋረጠ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ፣ ልክ ከአሥር ዓመት በፊት በተማሪ ሰልፍ ላይ የተሰማው መፈክር በመንግሥት አዋጅ መልክ ወጣ፤ አዋጁን ለገበሬው የሚያስረዳውም ያው ተማሪ ሆነ። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቀይ ሽብር ከጠፋው ትውልድ ውስጥ የዚህ ግቢ ልጆች ብዙዎች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው እንደ ገና ሲከፈት ብዙ መቀመጫዎች ባለቤት አልነበራቸውም።

ዶክተር ታዬ ጉልላት በሽግግሩ ጊዜ፣ ቀጥሎም ዶክተር ዱሪ መሐመድ ዩኒቨርሲቲውን መሩ። በዶክተር ዱሪ ዘመን በ1971 ዓ.ም. የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት መከፈቱ በአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ትልቅ እርምጃ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ማንኛውም መምህር ሁለተኛ ዲግሪውን ለማግኘት ውጭ አገር መሄድ ነበረበት፤ ከሄዱትም ያልተመለሱ ጥቂቶች አልነበሩም። የዓለማያ ኮሌጅ በ1977 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዶክተር አብዬ ክፍሌ እስከ 1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ድረስ በፕሬዚዳንትነት ሠሩ።

ከለውጡም በኋላ የቆየው ጥያቄ በሌላ መልክ ተመለሰ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የኤርትራን ጉዳይ በሚመለከት ተማሪዎች ባደረጉት ሰልፍ ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ በዚያው ዓመት ከአርባ የሚበልጡ መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። ብዙ ዓመት ያስተማሩ ምሁራን በአንድ ቀን ሲወጡ የጎደለውን ለመተካት ደመወዝና ማስታወቂያ ብቻ አልበቁም፤ ድኅረ ምረቃው ገና ሥር እየሰደደ ባለበት ጊዜ የተማሪዎችን የምርምር ጽሑፍ የሚመራ ሰው ጠፋ። ዶክተር ዱሪ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ፕሬዚዳንትነቱ የተመለሱት ከዚህ በኋላ ነው። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ተማሪዎች የታጠቀ ፖሊስ ከግቢው እንዲወጣ ሲጠይቁ የተነሣው ግርግር ወደ ከተማው ተዛምቶ የሰው ሕይወት ጠፋበት። ከዚያ ቀጥሎ በፕሮፌሰር እንድርያስ እሸቴ የፕሬዚዳንትነት ዘመን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ቁጥር በፍጥነት አደገ። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የወጪ መጋራት ሥርዓት በመዘርጋቱ ደግሞ ከ33ቱ ተማሪዎች ጊዜ ጀምሮ የነበረው ሙሉ በሙሉ በመንግሥት ወጪ የመማር ልማድ ቀረ።

በ2015 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበት አዋጅ ሲወጣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ እንዲሆን ተመረጠ። አዋጁ ዩኒቨርሲቲው ገቢውን፣ የሠራተኛ አስተዳደሩንና የትምህርት መርሐ ግብሩን ራሱ እንዲወስን ይፈቅዳል። ገቢን ራስ መፈለግ ማለት ግን ክፍያ መጠየቅ ማለት ስለ ሆነ፣ ከሩቅ አውራጃ የሚመጣው የድሃ ልጅ በምን አኳኋን ወደ ግቢው እንደሚገባ መወሰን የአዲሱ አስተዳደር የመጀመሪያ ሥራ ሆኗል። የቦርዱ አባሎች አመራረጥና ቦርዱ ከመንግሥት ጋር የሚኖረው ግንኙነት ደግሞ በቻንስለሩ ዘመን መልስ ሳያገኝ ያለፈው ጉዳይ ነው።